ውሃው በየት ይወርዳል? ገና በመሠራት ላይ ያሉ የመልክዓ ምድር መሣሪያዎችን በስሜን ተራሮች መፈተን

አጎቴ ያደገው ደባርቅ ነው። ወጣት ሳለ በቅሎ እየጫነ እንግዶችን ወደ ስሜን ተራሮች ያወጣ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ብሌንደር በሚባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር የሠራሁትን የመጀመሪያ ተራራ በስልኬ አሳየሁት። ሹል ጫፍ አለው፣ ጉም አለው፣ ጥላው ያምራል። አጎቴ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ነው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ውሃው በየት ይወርዳል? በቅሎስ በየት ትወጣለች?» ሲል ጨመረ።

መልስ አልነበረኝም። ኮምፒውተሩ በቁጥር የፈጠረው ተራራ ነው። ውሃ ወርዶበት አያውቅም።

እነዚያ ጥያቄዎች እስከ ዛሬ የምሠራባቸው መፈተኛዎች ናቸው። አንድ የመልክዓ ምድር ሶፍትዌር ገና ያላለቀ አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣ በሚያምረው ማሳያ ቪዲዮ አልፈርድለትም። ስሜንን እንዲሠራልኝ አደርገዋለሁ። እንዴት እንደማደርገው እዚህ ላይ በዝርዝር እጽፋለሁ። የምሠራው በብሌንደር ነው። ነፃ ነው፤ በመሠራት ላይ ያለውንም ነገር በየቀኑ በግልጽ ያወጣል። ጌያ፣ ወርልድ ማሽን ወይም ሁዲኒ የምትጠቀሙ ከሆነ የቁልፎቹ ስም ይለያል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ሁለት ብሌንደር ይኑራችሁ

የእንጀራችሁ ብሌንደርና የሙከራችሁ ብሌንደር አንድ መሆን የለባቸውም። ለሥራ ኤልቲኤስ የሚባለውን ያዙ። 4.2 እና 4.5 ኤልቲኤስ ናቸው፤ ከወጡበት ጊዜ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ጥገና ይደረግላቸዋል። ለሙከራ ደግሞ ዕለታዊውን ቅጂ ከብሌንደር ድረ ገጽ አውርዱ። አልፋ የተባለው ላይ አዲስ ነገር ይገባል፣ ይወጣል፣ ስሙ ይቀየራል። ቤታ ላይ ከደረሰ ግን የቀረው ስህተት ማረም ነው። አዲስ ነገርን ለማየት አልፋ፣ ለመልመድ ቤታ ይሻላል።

የምታወርዱት ዚፑን ይሁን፤ ዚፑ መጫን አያስፈልገውም። ፈታችሁ ብሌንደር የሚከፈትበት ፋይል ባለበት ፎልደር ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፖርተብል» የሚል ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። ከ4.2 ጀምሮ ብሌንደር ይህን ፎልደር ካገኘ ቅንብሩን ሁሉ እዚያው ያስቀምጣል። የሥራ ብሌንደራችሁን ቅንብር አይነካም። ሙከራው ሲያበቃ ፎልደሩን ማጥፋት ብቻ ነው።

አንዳንዱ ያላለቀ ነገር አልፋ ላይም ቢሆን ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንተርፌስ ግቡና ዴቨሎፐር ኤክስትራስን አብሩ። ኤክስፐሪመንታል የሚል ክፍል ይወጣላችኋል። ከዚያ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ አብሩ። ሦስት ነገር አብርታችሁ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም።

በአልፋ የከፈታችሁትን ፋይል በሌላ ስም አስቀምጡ። እኔ አንድ ጊዜ የደንበኛ ፋይል በአልፋ ከፍቼ በዚያው ስም ሴቭ አደረግሁ። በቆየው ብሌንደር ስከፍተው አዲሶቹ ኖዶች (ተያይዘው ተራራውን የሚሠሩት የትእዛዝ ሳጥኖች) የማይታወቁ ሆነው ቀይ ሆነው መጡ። ግንኙነታቸው ተበጣጥሷል። የሁለት ቀን ሥራ እንደገና ሠራሁ። አሁን ፋይሉ ስም ላይ ቀኑንና የቅጂውን መለያ ኮድ እጽፋለሁ። ኮዱ «አባውት» የሚለው ውስጥ አለ።

እውነተኛውን መሬት አምጡ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር 11 ቀን ምድርን እየዞረች የአብዛኛውን የብስ ከፍታ በራዳር ለካች። ለብዙ ዓመታት ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም በነፃ የሚገኘው መረጃ በ90 ሜትር አንድ ነጥብ ብቻ የያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የ30 ሜትሩ መለቀቅ ሲጀምር ቅድሚያ የተሰጠው ለአፍሪካ ነው። ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያወርደዋል።

መረጃው በአንድ ዲግሪ ካሬ ተከፋፍሎ ይመጣል። በስሜን ያሉት ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ራስ ዳሽንም በሰሜን 13 ዲግሪ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ካሬ ውስጥ ናቸው። ደባርቅ ከተማን ከፈለጋችሁ በስተ ምዕራብ ያለውን ካሬ፣ ምሥራቅ 37ን፣ መጨመር አለባችሁ። አንዱ ካሬ 3601 በ3601 ነጥብ ነው። ባዶ ቦታዎቹ የተሞሉለትን እትም ምረጡ፤ ራዳር ገደል ጥላ ውስጥ አያይም፣ ስሜን ደግሞ ገደል ነው።

ፋይሉን ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ክፈቱት። ከዲግሪ ወደ ሜትር ቀይሩት፤ ለስሜን የሚሆነው ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ሥርዓት ዞን 37 ሰሜን ነው። ከዚያ ትንሽ ቦታ ቁረጡ። እኔ ኢሜት ጎጎ የሚባለውን ጫፍ መሐል አድርጌ 10 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር ነው የምቆርጠው። ያ ማለት 333 ነጥብ በ333 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። በሁለት ነጥብ መሐል ያለውን 30 ሜትር የሚሞላው የእናንተ ኖድ ነው። በቁጥር የሚፈጠር መሬት የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

ወደ ምስል ስትቀይሩ 16 ቢት ወይም 32 ቢት ይሁን። 8 ቢት 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። የቆረጣችሁት ቦታ ከአፋፉ እስከ ቆላው 2,000 ሜትር ልዩነት ቢኖረው እያንዳንዱ ደረጃ 8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ተራራው ደረጃ ደረጃ ይሠራል። የእኛን አገር ስንሠራ ይሄ ከሌላው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም አምባ ይመስላል። ጀማሪ የሆነ ሰው «አገኘሁት» ብሎ ይደሰታል። ያገኘው ግን የፋይሉን ድህነት ነው። በ16 ቢት ደረጃዎቹ 65,536 ናቸው፤ ያው 2,000 ሜትር ሲካፈል ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል።

በመጨረሻ አንድ መስመር አስምሩ። ኪውጂአይኤስ ከ3.26 ጀምሮ ኤሌቬሽን ፕሮፋይል የሚባል የራሱ መስኮት አለው። ከግጭ ሜዳ ተነሱና አፋፉን አቋርጣችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው ሂዱ። የሚወጣውን ቅርጽ በምስል አስቀምጡት። ሜዳው፣ ድንገት የሚቆረጠው ገደል፣ ከሥሩ የተንጣለለው ቁልቁለት፣ እንደገና ገደል። ዳኛችሁ ይሄ ምስል ነው። ከ30 ሜትር ያነሰውን ነገር ግን ከእሱ አትጠብቁ፤ ለዚያ ፎቶ ተመልከቱ።

አምባ ለምን አምባ ሆነ

ይህን ሳያውቁ ኖድ መደርደር አያዋጣም። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ በብዛት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው። ቅልጥ አለቱ አንዴ ፈስሶ አላበቃም። አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ነው የረጋው። በንብርብሮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድና የበሰበሰ ቀይ አፈር አለ። ውሃ ሲመጣ ለስላሳውን ቶሎ ይበላዋል። ጠንካራው ከሥሩ ሲቦረቦር ቀጥ ብሎ ይሰነጠቅና ይናዳል። ስለዚህ ጠንካራው ገደል ይሆናል፣ ለስላሳው ቁልቁለት ይሆናል፣ ከላይ የቀረው ጠፍጣፋ አምባ ይሆናል።

የሶፍትዌሮቹ መነሻ ቅንብር ይህን አያውቅም። ዘፈቀደ በሚመስል ቁጥር ቅርጽ የሚያወጣውን፣ ኖይዝ የሚባለውን ዘዴ ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1983 ሲፈጥረው ዓላማው የኮምፒውተር ምስል የማሽን መልኩን እንዲተው ነበር። የእብነ በረድንና የደመናን መልክ ለመስጠት ድንቅ ነው። ስለ ውሃና ስለ አለት ግን ምንም አያውቅም። በተለይ ሪጅድ መልቲፍራክታል የሚባለውን ስትመርጡ ሹል ተረተር ይወጣል፤ በረዶ የሠራው የአውሮፓ ተራራ ይመስላል። የእኔም የመጀመሪያ ተራራ ይሄው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ትምህርቶች ላይ «መስግሬቭ ኖድ ጨምሩ» ይላሉ። ፈልጋችሁ አታገኙትም። ከ4.1 ጀምሮ ኖይዝ ቴክስቸር ውስጥ ገብቷል፤ ዓይነቱን ከዚያው ትመርጣላችሁ።

ንብርብሩን መሥራት

ጂኦሜትሪ ኖድስ የሚባለውን የብሌንደር የኖድ ክፍል ክፈቱና ግሪድ (የነጥብ መረብ) አስገቡ። 10 ኪሎ ሜትሩን 100 ሜትር አድርጉት፤ አንድ መቶኛ ማለት ነው። መጀመሪያ 1000 በ1000 ነጥብ ይበቃል፤ በእውነተኛው መሬት በየ10 ሜትሩ አንድ ነጥብ ይሆናል። 2000 በ2000 ስታደርጉት 4 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ለመጨረሻው ቀን አቆዩት።

ኖይዝ ቴክስቸሩን ባለ ሁለት አቅጣጫ አድርጉት። ባለ ሦስት ከሆነ ከፍታው በተቀየረ ቁጥር ኖይዙም ይቀየራል፤ በኋላ በዙር ስንሸረሽር ተራራው ሥር ሥሩን ይዋኛል። እኔ ይሄን ስህተት ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዓይነቱ ተራው ኤፍቢኤም ይሁን፣ ስኬሉም ዝቅ ይበል። ቦታው ላይ የምትደምሩትን ቁጥር ደግሞ ለብቻው አውጡት። ሲዳችሁ (የኖይዙ መነሻ ቁጥር) እሱ ነው። ሙከራው እስኪያልቅ አይነካም።

የወጣውን ከፍታ ከ0 እስከ 1 አድርጋችሁ ፍሎት ከርቭ ውስጥ አስገቡት። ኩርባው ጠፍጠፍ ያለበት ቦታ ሜዳ ይሆናል፣ ቀጥ ብሎ የወጣበት ገደል ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ እኩል እኩል ደረጃ ይሠራል። እኩል እርከን የሰው እጅ ሥራ ነው። ያን ማየት የሚፈልግ ኮንሶ ይሂድ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ ድንቅ የድንጋይ እርከን ገበሬ ለክቶ የካበው ነው። ቅልጥ አለት ለክቶ አይፈስም። ያስቀመጣችሁትን የግጭ ፕሮፋይል አጠገባችሁ ክፈቱና ኩርባውን በእሱ ልክ ሳሉት። አንዱ ገደል ረጅም፣ ቀጣዩ አጭር ይሁን። አንዳንዱ ንብርብር እስከ መጥፋት ይሳሳ።

ኩርባው ጋ ከመድረሱ በፊት ከፍታው ላይ በጣም ትንሽ ሌላ ኖይዝ ደምሩ። ያለዚያ ንብርብሩ በውሃ ልክ የተቆረጠ ይመስላል። እኔ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ትንሽ ቁጥርም እጨምራለሁ።

መሸርሸር

ከ4.0 ጀምሮ ሪፒት ዞን አለ። በውስጡ ያለውን ነገር የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ ይደጋግመዋል። እሱ በማይኖርበት ጊዜ ያንኑ ኖድ ሠላሳ ጊዜ ገልብጠን እንደረድር ነበር። ያን ያየ ሰው በመሠራት ላይ ያለ ነገርን መከታተል ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል።

በዙሩ ውስጥ የነጥቡን ከፍታ ወስዳችሁ ብለር አትሪቢዩት ውስጥ አስገቡ። ይህ የብዥታ ኖድ የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ ከጎረቤቶቹ ጋር አማካይ ያደርገዋል። ዋናው ቁልፍ ዌይት የሚለው መግቢያ ነው። እዚያ የአለቱን ልስላሴ አስገቡ፤ ለጠንካራው ንብርብር 0 የቀረበ፣ ለአመዱና ለቀዩ አፈር 1 የቀረበ ቁጥር። ለስላሳው ሲንሸራተት ጠንካራው ቆሞ ይቀራል። ገደልና ቁልቁለት በራሳቸው ይለያያሉ።

ልስላሴው በዙሩ ውስጥ፣ ከአሁኑ ከፍታ መሰላት አለበት። ከዙሩ ውጭ አንዴ አስልታችሁ ካስገባችሁት መሬቱ ወደ ታች ሲቆረጥ አዲስ ንብርብር አይገለጥም። ላይኛው አለት እስከ ታች አብሮት ይወርዳል። የስሜን ነገሩ ሁሉ ደግሞ መገለጡ ነው።

ከብዥታው በኋላ ከፊተኛው ከፍታ ጋር ሚኒመም አድርጉ፤ መሬቱ እንዲቀንስ እንጂ እንዳይጨምር። ይህን ካላደረጋችሁ ሸለቆው በደለል ይሞላል። ከገደሉ ግርጌ ግን ናዳው ተከምሮ እንዲታይ ስለምፈልግ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዙሮች ሚኒመሙን አነሳዋለሁ። ከ20 ዙር ጀምሩ። ከ60 ካለፈ ሁሉም ነገር የቀለጠ ቅቤ ይመስላል።

ይሄ ስበትን ይመስላል እንጂ ውሃን አይመስልም። ለእውነተኛ ጅረት ሁዲኒ ውስጥ ያለው ሃይትፊልድ ኢሮድ እስካሁን ካየሁት ይበልጥብኛል። ልስላሴውን በማስክ ይቀበላል፤ ከብሌንደር ያወጣችሁትን ምስል ማስገባት ትችላላችሁ። በብሌንደር ብቻ ለመሥራት ደግሞ ሲሙሌሽን ዞን አለ፤ ጠብታዎችን በየፍሬሙ ወደ ታች ማስኬድ ይቻላል። ይሄ ሰዓታት ይወስዳል። ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀምር ቤክ አድርጋችሁ (ውጤቱን እያሰላ) ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ እዘዙት። መብራት አይጠብቃችሁም።

የአጎቴ ፈተና

አሁን አዲስ ነገር መጣ እንበል። አዲስ የመሸርሸሪያ ኖድ፣ ወይም የተሻሻለ ኖይዝ። ያንኑ ሲድ፣ ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር፣ ያንኑ ኩርባ ይዛችሁ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ከፍታውን በ16 ቢት አውጥታችሁ ወደ ኪውጂአይኤስ መልሱት።

ውሃው በየት እንደሚወርድ ለማየት ሳጋ የሚባለው የኪውጂአይኤስ ተጨማሪ (ፕለጊን) ውስጥ ፊል ሲንክስ የሚል መሣሪያ አለ። መውጫ የሌለውን ጉድጓድ ሁሉ እስከ አፉ ይሞላዋል። ከተሞላው መሬት ላይ የእናንተን መሬት ቀንሱ። የቀረው ቁጥር ውሃ የሚታሰርበት ቦታ ነው። የኖይዝ ተራራ ላይ ይህን ስታደርጉ ካርታው ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጉብታ አጠገብ የማይኖር ሐይቅ አለ። በደንብ የተሸረሸረ መሬት ላይ ነጠብጣቡ ጥቂት ነው። አዲሱ መሣሪያ ነጠብጣቡን ካልቀነሰ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእኔ አልሠራም።

ከዚያ ያንኑ የፕሮፋይል መስመር አስምሩ። ከግጭ ጋር ነጥብ በነጥብ አይገጥምም፤ መግጠምም የለበትም። ባሕርዩ ግን መምሰል አለበት። ሜዳው ሜዳ ነው ወይ? አፋፉ ድንገት ይቆረጣል ወይስ እየተንከባለለ ይወርዳል?

ለበቅሎዋ ኪውጂአይኤስ ስሎፕ አለው። የቁልቁለቱን ካርታ አውጡና ከአምባው እስከ ሸለቆው ሳይቆረጥ የሚወርድ ረጋ ያለ መስመር ፈልጉ። ስሜን ገደል ቢሆንም ሰው ይኖርበታል፣ ገበያ ይወርዳል፣ ይወጣል። ገደል ብቻ የሆነ መሬት ሰው የሌለበት መሬት ነው።

የተበላሸ ነገር ካገኛችሁ ዝም አትበሉ። ሄልፕ ውስጥ ሪፖርት ኤ በግ አለ። የኮምፒውተራችሁንና የቅጂውን መረጃ ራሱ ይሞላል። ትንሽ ፋይል አያይዙ፤ ከሃያ ኖድ ያነሰ ይሁን። «መጀመሪያ ይህን ተጫንኩ፣ ከዚያ ይህን፣ ይህ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ይህ ሆነ» ብላችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛችሁ አጭር ቢሆን ችግር የለውም። የምታያይዙት ፋይል ላይ የስሜን መሬት ቢኖር ደግሞ ደስ ይለኛል። መሣሪያውን የሚሠሩት ሰዎች እንደ አምባ ያለ መሬት መኖሩን በፈተናቸው ውስጥ ካላዩት መሣሪያው ለእኛ አይስማማም።

ያላለቀው ገደል

እስካሁን የሠራነው ሁሉ አንድ ጉድለት አለው። ለአንድ ቦታ አንድ ከፍታ ብቻ ነው ያለው። ወደ ውስጥ የገባ ዋሻ፣ ወደ ውጭ የወጣ አለት አይችልም። ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ገደሉ ላይ ባለች ጠባብ ደፍ ነው። ከሥሩ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ከሆነ ያንን ደፍ በከፍታ ምስል መሥራት አይቻልም።

ለዚህ የሚጠቅመው መሬቱን እንደ ሙሉ አካል በትንንሽ ኪዩቦች የሚይዘው ቮልዩም ግሪድ ነው። ጂኦሜትሪ ኖድስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በኤክስፐሪመንታል ቆይቶ በብሌንደር 5.0 ለሁሉም ወጣ። መሬቱን ሜሽ ቱ ኤስዲኤፍ ግሪድ በሚለው ኖድ ወደ ሙሉ አካል ትቀይሩታላችሁ፣ ከውስጡ ትቦረቡራላችሁ፣ ግሪድ ቱ ሜሽ በሚለው ትመልሱታላችሁ። ሙሉውን 10 ኪሎ ሜትር አትቀይሩ፤ ሜሞሪያችሁ አይችልም። የገደሉን አንድ ገጽ ብቻ ቁረጡ። ለስላሳው ንብርብር ባለበት ከፍታ ላይ ወደ ውስጥ የሚገባ ኖይዝ ቀንሱ። ጠንካራው ከላይ ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። ቮክሰሉን (ኪዩቡን) መጀመሪያ ትልቅ አድርጉ፤ ቅርጹ ከተስማማችሁ በኋላ አሳንሱት።

ባለፈው ፋሲካ ደባርቅ ሄጄ አዲሱን ለአጎቴ አሳየሁት። ጣቱን አፋፉ ላይ አስቀመጠና በጅረቱ መስመር እስከ ታች ወረደ። «ውሃው ልክ ነው» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠ። «በቅሎዋ ግን እዚህ ጋ ትወድቃለች። መንገዱ በዚህ አይደለም፤ ከማዶ ዞሮ ነው» አለና ወረቀት አስመጥቶ በእርሳስ ሣለልኝ። ሰባት መታጠፊያ አለው። ወረቀቱን ስካን አድርጌ፣ መስመሩን በከርቭ ተከትዬ፣ ከርቩ በሚያልፍበት ሁሉ መሬቱ ረገብ እንዲል በኖዱ ላይ እየሠራሁ ነው። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ነኝ።